ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለምትኖሩ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

የጆርጂያ ጎዳና (መልስ ሰጪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በየቀኑ ተበታትኖ የሚመጣውን ጥያቄ ዛሬ አንድ ላይ እንጨርሰው። የምመልሰው በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ግሪን ካርድ ይዞ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ለገባ፣ ገና ዜግነት ላልወሰደ ሰው ነው። ቤት ኪራይ፣ መኪና፣ ታክስ፣ አድራሻ። የጥገኝነትና የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበት ጠበቃ ጋ ይሂድ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዚፕ ኮድ (የሰፈራችሁ የፖስታ ቁጥር)፣ የምትሠሩበት ቦታ (ዲሲ ነው፣ ሜሪላንድ ነው ወይስ ቨርጂኒያ)፣ የያዛችሁት ወረቀት። እነዚህን ሳትጽፉ «ምን ላድርግ?» ብትሉኝ መልስ የለኝም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ በዲቪ። ዚፕ ኮዴ 20903፣ ሥራ ገና አልጀመርኩም። የሲልቨር ስፕሪንግ ማዘጋጃ ቤት የት ነው? የነዋሪነት መታወቂያ ማውጣት ፈልጌ ነው።

የጆርጂያ ጎዳና፦ ጥሩ ጥያቄ አመጣህ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ማዘጋጃ ቤት የላትም። ከንቲባም የላትም። ሕንፃው፣ ሕዝቡ፣ የባቡር ጣቢያው ሁሉ ከተማ ያስመስላታል እንጂ በሕግ ከተማ አይደለችም፤ የፖስታ ስም ናት። የምታስተዳድራት ሞንጎመሪ ካውንቲ ስትሆን መቀመጫዋ ሮክቪል ነው። እንደ አገር ቤት ቀበሌ ሄደህ የምትመዘገብበት ቦታ የለም። መታወቂያም ላይሰንስም (መንጃ ፈቃድ) የሚሰጠው የሜሪላንድ ስቴት ነው፣ ኤምቪኤ በሚባለው መሥሪያ ቤት።

አሁን ወደ አንተ ዚፕ ኮድ እንምጣ። 20903 «ሲልቨር ስፕሪንግ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሁለት ካውንቲ ላይ የተኛ ነው። ከፊሉ ሞንጎመሪ ነው፣ ከፊሉ ፕሪንስ ጆርጅስ። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ጎረቤትህ በአንድ የኪራይ ሕግ ሲኖር፣ ከመንገዱ ወዲያ ያለው በሌላ ሕግ ይኖራል። የልጆች ትምህርት ቤት ይለያል፣ የጤና ድጋፍ ይለያል፣ አቤት የምትልበት ቢሮ ይለያል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ካውንቲህን እወቅ። ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው፦ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ አድራሻ ሲያስገቡ የሚደርስህን ትምህርት ቤት የሚነግር መፈለጊያ አለ። የቤት ቁጥርህንና የመንገዱን ስም አስገባ። ልጅ ባይኖርህም አስገባ። ካልወጣ ሌላ ካውንቲ ነህ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በዲቪ ስለመጣህ የግሪን ካርድ ማተሚያውን 235 ዶላር በኢንተርኔት ካልከፈልክ ካርዱ አይመጣም። እስኪመጣ ድረስ ፓስፖርትህ ላይ ያለው ቪዛ፣ አየር ማረፊያ ላይ ማህተም ከተመታበት፣ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ቀጣሪ «ካርዱን ካላየሁ» ቢልህ ይህን አሳየው።

ሦስተኛውን ለሁላችሁም ነው የምናገረው፦ ቤት በቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 የሚባለውን ቅጽ በኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ሙሉ። ነፃ ነው። ዲቪ ደርሶት ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው በወሩ ቤት ይቀይራል፤ ካርዱ ግን ወደ ዘመድ ቤት ይሄዳል።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ለዚህ እኮ ነው ቨርጂኒያ የሚሻለው። አሌክሳንድሪያ ከንቲባ ያላት እውነተኛ ከተማ ናት። የካውንቲ ታክስም ከደመወዝ አይቆረጥም።

የጆርጂያ ጎዳና፦ አሌክሳንድሪያ ብለው አድራሻ ከሚጽፉት ስንቱ ከተማዋ ውስጥ ነው? 22310፣ 22306 ስትል ፖስታው «አሌክሳንድሪያ» ይላል፣ የምትኖረው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ከተማና ካውንቲ ጨርሶ የተለያዩ ስለሆኑ ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

የዊተን ነዋሪ፦ የመኪና ታክሱንስ ምነው ዘለልከው ወንድም?

ከአሌክሳንድሪያ፦ የመኪና ታክስ በዓመት አንዴ ነው። እናንተ ከየደመወዙ ነው የምትገፈፉት።

የጆርጂያ ጎዳና፦ በቁጥር እንነጋገር። ሜሪላንድ ላይ ለአብዛኛው ሠራተኛ የስቴቱ 4.75 በመቶ ነው፣ ሞንጎመሪ 3.2 በመቶ ይጨምራል፤ ድምሩ 7.95። ቨርጂኒያ ከፍተኛው 5.75 ነው፣ የካውንቲ የገቢ ታክስ የለውም። ታክስ የሚታሰብበት ገቢው 40,000 ዶላር የሆነ ሰው ቨርጂኒያ ላይ ወደ 1,000 ዶላር ይተርፈዋል። ፌርፋክስ ግን በመኪናው ዋጋ ላይ በየዓመቱ ያስከፍላል፤ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ ከ4 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። 20,000 የሚያወጣ መኪና፣ ቅናሹ ሳይነሳለት፣ ወደ 800 ዶላር ነው። ባልና ሚስት ሁለት ደህና መኪና ካላቸው የተረፈው ተመልሶ ሄደ። አንድ አሮጌ ኮሮላ ያለው ብቸኛ ሰው ቨርጂኒያ ያተርፋል። «የሚሻለው» የሚባል ነገር የለም። በቃ፣ ወደ ጥያቄው።

ሳራ 20910፦ 20910፣ ግሪን ካርድ፣ ሥራዬ ዲሲ ሆቴል ውስጥ ነው። ከደመወዜ የዲሲ ታክስ እየተቆረጠ ነው። ልክ ነው?

የጆርጂያ ጎዳና፦ ልክ አይደለም እህቴ፣ ግን ጥፋቱ ወረቀት ላይ ያለ ስለሆነ ይስተካከላል። አጠያየቅሽን ሌሎች ይዩትና ይማሩ፤ ሦስቱንም ጽፋለች።

ዲሲ ነዋሪው ያልሆነን ሰው ደመወዝ ታክስ አታደርግም። ታክስሽን የምትከፍዪው ለምትኖሪበት ለሜሪላንድ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ የሜሪላንድ ነዋሪ መሆንሽን የሚያውቀው ግን ዲ-4ኤ የሚባለውን ቅጽ ሞልተሽ ስትሰጪ ነው። ዛሬውኑ ስጪ። አብረሽ ኤምደብልዩ 507 የተባለውን የሜሪላንድ ቅጽ ሙዪ፣ ካውንቲ የሚለው ላይ «ሞንጎመሪ» ብለሽ ጻፊ።

ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የዲሲው ቆመልኝ ብሎ ደስ ይለዋል፣ የሜሪላንዱ መቆረጥ መጀመሩን ግን አያይም። የዲሲ ቀጣሪ ለሜሪላንድ ላይቆርጥልሽ ይችላል። ሁለቱም ሳይቆረጥ ዓመቱ ካለቀ ሚያዝያ ላይ 7.95 በመቶው በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ከቅጣትና ከወለድ ጋር። ስለዚህ ቅጹን ከሰጠሽ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀት ክፈቺና «ኤምዲ» የሚል መስመር ፈልጊ። ከሌለ፣ ቀጣሪውም አልቆርጥም ካለ፣ በየሩብ ዓመቱ ራስሽ ለስቴቱ ትከፍያለሽ።

እስካሁን ለዲሲ የተቆረጠው በዲ-40ቢ ይመለሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ቀጣሪሽ የሚሰጥሽን የዓመቱን የደመወዝ ማስረጃ፣ ደብልዩ-2ን፣ ይዘሽ ነው የሚጠየቀው። ታክስ ሠሪሽ ይህን ቅጽ አላውቅም ካለ ሌላ ታክስ ሠሪ ፈልጊ።

ሜሪላንድ እየኖራችሁ ሥራችሁ ቨርጂኒያ ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ ቅጹ ቪኤ-4 ነው፣ በስሕተት የተቆረጠውን የሚያስመልሰው 763ኤስ ነው።

ኑሮ በአሜሪካ፦ ሰላም ጋሼ፣ በአጠቃላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ኑሮ እንዴት ነው? ይከብዳል?

የጆርጂያ ጎዳና፦ ዚፕ ኮድ፣ ሥራ፣ ወረቀት። ቀጣይ።

ቤዝመንት ፈላጊ፦ 20902፣ ዊተን። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አራት ወሬ ነው። አንድ አበሻ ቤዝመንት (ምድር ቤቱን) በወር 1,300 ሊያከራየኝ ነው። ሁለት ወር ዲፖዚት ይፈልጋል፣ ሊዝ የለም፣ «በመተማመን» ይላል። ልያዘው?

የጆርጂያ ጎዳና፦ በመተማመን የተያዘ ቤት በመተማመን ነው የሚለቀቀው፤ ክረምት ላይ «ዘመድ ስለመጣብኝ» ይሉሃል። ሊዝ፣ ማለትም የተጻፈ የኪራይ ውል፣ ይኑር። ካልጻፈ አትግባ።

ዲፖዚቱ። ሜሪላንድ ላይ ከጥቅምት 1፣ 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ወዲህ ለሚፈረም ኪራይ በአጠቃላይ ከአንድ ወር በላይ ዲፖዚት መቀበል አይቻልም። ሁለት ወር ማለቱ አሮጌውን ሕግ ይዞ ነው። ስትወጣ በ45 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን ወይ የተቆረጠበትን ምክንያት ዝርዝር መላክ አለበት። ዝርዝሩ ላይ እንዳትጣሉ፣ በገባህ በ15 ቀን ውስጥ የቤቱ ጉድለት ተመዝግቦ እንዲሰጥህ በሰርቲፋይድ ፖስታ በጽሑፍ ጠይቅ። ሰው ይህን እንደ ጠብ ያየዋል፤ ጠብ አይደለም፣ ደረሰኝ ነው። ፎቶም አንሳ፦ ምንጣፉን፣ የመታጠቢያውን ጣሪያ፣ ምድጃውን፣ የውኃ ማሞቂያውን ሥር።

ፈቃዱ። ሞንጎመሪ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው የካውንቲ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ቤዝመንትም ቢሆን። ፈቃድ ያለው ቤት በካውንቲው የቤቶች መምሪያ ድረ ገጽ ላይ በአድራሻ ይገኛል። የካውንቲው ስልክ 311 ላይ ደውለህም ትጠይቃለህ፤ «አማርኛ» ካልክ አስተርጓሚ ይገባል። ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት አደጋው ቅጣት ብቻ አይደለም። መኝታ ክፍሉ እሳት ቢነሳ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት አለው ወይ? መስኮቱ ቁልፍ ሳያስፈልገው ከውስጥ ተከፍቶ ሰው ካላሳለፈ መኝታ ክፍል አይባልም፣ ዕቃ ቤት ነው። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ሳታይ እንዳትፈርም፤ የቤቱ ማሞቂያ በአብዛኛው ከአንተው አልጋ አጠገብ ነው የሚቆመው።

ጭማሪው። የካውንቲው የኪራይ ጣሪያ ጭማሪን በዓመት ከ6 በመቶ፣ ወይም ከዋጋ ንረት ሲደመር 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው እንዳያልፍ ያደርጋል። ነገር ግን ሁለት ቤት ወይም ከዚያ በታች የሚያከራይ ግለሰብን አይመለከትም፤ ያንተን አከራይ አይነካውም ማለት ነው። ከ23 ዓመት ወዲህ የተሠራ ሕንፃንም አይመለከትም። ያም ሆኖ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ኪራይ ሲዘገይ የሚጠየቅ ቅጣት ከወሩ ኪራይ 5 በመቶ አያልፍም።

በጥሬ ገንዘብ ከከፈልክ ደረሰኝ ውሰድ። ገብተህ ስትጨርስ ደግሞ ኤአር-11፣ በ10 ቀን።

የዊተን ነዋሪ፦ ጋሼ፣ በዚህ ዓይነት ማንም አበሻ ለአበሻ አያከራይም። ክሬዲት (የብድር ታሪክ) ለሌለው ሰው አፓርትመንት ማን ይሰጠዋል? በመተማመን ባይሆን ስንቱ ውጭ ያድር ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እውነት ነው። ፈቃድ ፈቃድ ካልን የሚከራይ ቤዝመንት አይገኝም።

ሳራ 20910፦ እሳት ሲነሳ መተማመኑ መስኮት ይሆናል?

የጆርጂያ ጎዳና፦ ሳራ ጨረሰችው። ክሬዲት ለሌለው ግን መንገድ አለ። ባንክ ሄዶ ከ200 እስከ 500 ዶላር አስይዞ ሴኪዩርድ ካርድ ማውጣት። በካርዱ ከገደቡ ሲሶ በታች መጠቀም፣ በየወሩ ሙሉውን መክፈል። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላ የክሬዲት ነጥብ ይወጣል። እስከዚያ የቀጣሪ ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የሚፈርም ዘመድ። ትልልቅ አፓርትመንቶች ሲያከራዩ የሁለት ዓመት ሊዝም ማቅረብ አለባቸው፣ ሞንጎመሪ ውስጥ ሕጉ ነው። እነሱ አይነግሯችሁም፤ እናንተ ጠይቁ።

እንጀራ ወዳድ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ጎዳና ላይ ጥሩ ምግብ ቤት የትኛው ነው?

የጆርጂያ ጎዳና፦ አልገባበትም።

የዊተን ነዋሪ፦ ቤት መጋገር ነው የሚያዋጣው። ከአይቮሪ ጤፍ ጋር ትንሽ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት…

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሰልፍ ራይዚንግ የገባበት እንጀራ እንጀራ አይባልም። ፓንኬክ ነው።

የዊተን ነዋሪ፦ የአይዳሆ ጤፍ ብቻውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግረህ ዓይን አውጥቶልህ ከሆነ አሳየን።

ከአሌክሳንድሪያ፦ አብሲት ጣል። እርሾውን ሦስት ቀን አቆየው። የምጣዱ ሙቀት…

የጆርጂያ ጎዳና፦ ወገኖቼ፣ ስለ አብሲት ሌላ ቀን። ላይሰንስ የጠየቀ ነበር።

ሹፌሩ፦ 20906፣ ግሪን ካርድ፣ ዊተን መጋዘን ነው የምሠራው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ የስምንት ዓመት ልምድ። በዚያው ይቀየርልኛል?

የጆርጂያ ጎዳና፦ በዚያው አይቀየርም። ፈተና ሳይጠየቅ የሚቀየረው የጥቂት አገሮች ብቻ ነው፣ የእኛ የለበትም። ግን ያንተ ላይሰንስ ዋጋ አለው፤ ጀማሪዎች በለማጅ ፈቃድ የሚጠብቁትን ጊዜ ያሳጥርልሃል። ያላለፈበት መሆን አለበት።

ቅደም ተከተሉ። አንድ፣ ላይሰንሱን ኤምቪኤ የሚቀበለው ተርጓሚ ጋ አስተርጉም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ተርጓሚው መለወጥ አለበት። «2016» ብሎ እንዳለ ከገለበጠው ከእውነተኛው ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የተሰጠህ ያስመስለዋል፤ ማብቂያው ላይ ከሆነ ደግሞ ገና የሚሠራውን ያለፈበት ያደርግብሃል። ትርጉሙን ስትቀበል የልደት፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ሦስቱንም ከፓስፖርትህ ጋር አስተያይ። ሁለት፣ ስም። ፓስፖርታችን ላይ ብዙውን ጊዜ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ግን አሰላለፉ ሊለይ ይችላል። ሁሉም ግሪን ካርዱን ይምሰል፤ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱም (ሶሻል የምንለው)፣ ባንክም፣ ኤምቪኤም። በአንዱ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም የያዘ ሰው ክሬዲቱ ሁለት ሰው ሆኖ ይከፈላል። ሦስት፣ የሦስት ሰዓቱን የአልኮልና የዕፅ ትምህርት ጨርስ። አራት፣ ሶሻልህንና አድራሻህ ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ይዘህ ቀጠሮ ያዝ። ሊዝና የባንክ ስቴትመንት ይሆናል። ዘመድ ቤት ያለህ ከሆነ ከወዲሁ የባንክ ደብዳቤ በስምህ ወደዚያ አድራሻ እንዲመጣ አድርግ።

የጽሑፍ ፈተናው 25 ጥያቄ ነው፣ 22 ማግኘት አለብህ። የመንዳት ፈተናው ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከለማጅ ይልቅ ይወድቃሉ። ምክንያቶቹ ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው፦ ስቶፕ ምልክት ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ሳይቆሙ ይታጠፋሉ፣ መስተዋት በዓይን ብቻ ያያሉ፤ ፈታኙ ጭንቅላትህ ሲዞር ማየት አለበት። በሁለት መኪና መሃል ማቆም ከ2015 ጀምሮ የለም፣ በምትኩ ወደ ኋላ ገብቶ መዞር አለ። በኋላ ካሜራ ብቻ አትመን።

አሁን ልብ በሉ፣ ሁላችሁም። ኤምቪኤ ላይ ሠራተኛዋ ወይም ማሽኑ «ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ይላል። ዜጋ ካልሆናችሁ መልሱ አይ ነው። «ያስ» ብሎ ሳይሰማ ያለፈ ሰው ዜግነት ሲያመለክት ይህ ወጥቶበት አገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ አንገት አትነቅንቁ።

አቶ ነኝ ከታኮማ፦ ይቅርታ ልጄ፣ ግን ታኮማ ፓርክ ላይ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይመርጣል ይባላል። እኔም ስልሳ አልፎኛል፣ ለከተማው ምክር ቤት ልመርጥ አስቤ ነበር። 20912።

የጆርጂያ ጎዳና፦ አባቴ፣ የሰሙት እውነት ነው። ታኮማ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ በተለየ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት ከተማ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ብቻ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። ግን የሚመዘገቡት በከተማው ጸሐፊ ቢሮ፣ በከተማው የራሱ ቅጽ ነው። ኤምቪኤ አይደለም፣ የስቴቱ ቅጽም አይደለም። ካውንቲ፣ ስቴት፣ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ወረቀት ፈጽሞ አይንኩ። የሞሉትን ቅጽ ቅጂ ያስቀምጡ፣ ዜግነት ሲያመለክቱ ጥያቄው ይነሳል። ቤትዎ በእርግጥ ታኮማ ፓርክ ክልል ውስጥ መሆኑን ደግሞ ጸሐፊዋ ታረጋግጥልዎ፤ እዚያም ቢሆን የፖስታ ስም አይታመንም።

ቀያሪ፦ ከቨርጂኒያ ወደ 20904 ተዛውሬያለሁ፣ ሥራ እዛው ቨርጂኒያ፣ ግሪን ካርድ። ለፖስታ ቤት አድራሻ ቀይሬያለሁ። ይበቃል አይደል?

የጆርጂያ ጎዳና፦ ከላይ አንብበሃል? አንብበህ ከሆነ ለምን ትጠይቀኛለህ? ለፖስታ ቤት መናገር ለኢሚግሬሽን መናገር አይደለም። ኤአር-11። 10 ቀን።

ከቨርጂኒያ ስለመጣህ ግን ሌላ ነገር አለ። መኪናህን በ60 ቀን ውስጥ ወደ ሜሪላንድ ማዞር አለብህ፣ ላይሰንስህንም። በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው ጋራዥ የሜሪላንድ ሴፍቲ ኢንስፔክሽን ያድርግልህ፤ የቨርጂኒያው ስቲከር አይሠራም። ወረቀቱ ለ90 ቀን ነው የሚያገለግለው። ከዚያ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ኤምቪኤ። ከ60 ቀን ካለፍክ ለቨርጂኒያ የከፈልከው ታክስ ሳይታሰብልህ ሊቀር ይችላል። የቨርጂኒያውን ሰሌዳ ሳትመልስ የቨርጂኒያውን ኢንሹራንስ አታቋርጥ፤ ሰሌዳ መጀመሪያ፣ ኢንሹራንስ ኋላ። ይህን ቅደም ተከተል ያገላበጠ ሰው የማይነዳው መኪና ላይ ቅጣት ይመጣበታል። ሜሪላንድ ላይም ያው ነው።

ቀያሪ፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። አምስት ዓመቴ ሊሞላ ነው፣ ዜግነቱን አሁን ላስገባ?

የጆርጂያ ጎዳና፦ ይህን ቀድመህ ብትጠይቅ ኖሮ። አምስት ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል፣ ግን በምትኖርበት ስቴት ሦስት ወር መኖር አለብህ። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ወንዝ ብቻ ብትሻገርም ስቴት ነው የቀየርከው። ሦስት ወር ሜሪላንድ ላይ ቁጠርና አስገባ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር በላይ አገር ቤት ቆይተህ ከሆነ ደግሞ ሳታስገባ ጠበቃ አማክር።

እናት፦ 20901፣ ግሪን ካርድ፣ ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ሰፈር ያለው ሃይስኩል ልውሰደው?

የጆርጂያ ጎዳና፦ መጀመሪያ ወደ ሰፈሩ ሃይስኩል አትሂጂ። ከውጭ የሚመጣ ተማሪ በካውንቲው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች መመዝገቢያ፣ ሮክቪል፣ ነው የሚጀምረው። ፓስፖርቱን፣ የልደት ማስረጃውን፣ የአድራሻ ማስረጃ (ሊዝ)፣ የክትባት ካርዱንና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት ያዢ። ትራንስክሪፕቱን እዚያው አገር ቤት እያለ በታሸገ ፖስታ፣ ማህተም ያለበት፣ ይውሰድ፤ ከመጣ በኋላ ማስመጣት ወራት ይፈጃል፣ ያለእሱ ደግሞ የተማረው ሳይቆጠር ዝቅ ብሎ ሊጀምር ይችላል። ክትባቱ ላይም ቀኖቹን ተመልከቺ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ልጁ ከመወለዱ በፊት የተከተበ መስሎ ይወጣል። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ጽሑፎቻቸውን በአማርኛም ያወጣሉ፣ አስተርጓሚም ይሰጡሻል። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጊው።

መንገደኛ፦ 20910፣ መኪና የለኝም፣ ዲሲ ነው የምሠራው፣ ግሪን ካርድ።

የጆርጂያ ጎዳና፦ ጥያቄው ምንድነው? መጓጓዣ ይሆናል ብዬ ልገምት። ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስ ከ2025 ክረምት ጀምሮ ነፃ ነው። ሜትሮ ባስ ሌላ ነው፣ ይከፈላል፤ ሁለቱ በአንድ ማቆሚያ ስለሚቆሙ ሰው ያምታታል። የሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር በሥራ ቀን ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው፣ እንደ ርቀቱ፤ ስትገባም ስትወጣም ካርድ መንካት አለብህ። የሜትሮ ባስ ቁጥሮች በሙሉ ከሰኔ 29፣ 2025 (ፈረንጅ) ጀምሮ ተቀይረዋል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የኖረ ሰው የሚነግርህን የባስ ቁጥር አትቀበል። ፐርፕል ላይን የሚባለው አዲስ የባቡር መስመር ይደርሳል ብለህ ቤት አትከራይ። ከ2017 ጀምሮ እየተቆፈረ ነው።

ላኪ፦ ገንዘብ ወደ ቤት ሲላክ አዲስ ታክስ አለ የሚባለው እውነት ነው? 20902፣ ሜሪላንድ፣ ግሪን ካርድ።

የጆርጂያ ጎዳና፦ ከ2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየርስ ቼክ ከላክህ 1 በመቶ። ከባንክ ሂሳብህ ወይም በአሜሪካ ዴቢት ካርድ ከላክህ የለም። ሱቅ ሄደህ በካሽ አትላክ።

እናት፦ የጤና ኢንሹራንስስ ጋሼ?

የጆርጂያ ጎዳና፦ በየዓመቱ ስለሚቀያየር እዚህ አልዘረዝርም። ኢንሹራንስ የሌለው አዋቂ የሞንጎመሪ ነዋሪ «ሞንጎመሪ ኬርስ» ብሎ 311 ይደውል። ልጆች ሌላ ፕሮግራም አላቸው፣ እዚያው ይነግሩሻል።

ኑሮ በአሜሪካ፦ እሺ፣ ዚፕ ኮዴ 20910 ነው። ኑሮ እንዴት ነው?

የጆርጂያ ጎዳና፦ ሁለቱ ይቀራሉ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ። አድራሻዬን አስገባሁ፣ አልወጣም። ፕሪንስ ጆርጅስ ነኝ ማለት ነው? አሁን ምን ይለወጣል?

የጆርጂያ ጎዳና፦ አዎ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ነህ። ላይሰንስህ አይለወጥም፣ ያው ኤምቪኤ ነው። የአንድ ወር ዲፖዚቱና የ45 ቀኑም አይለወጥም፣ የስቴት ሕግ ነው። የሁለት ዓመት ሊዙ፣ ሞንጎመሪ ኬርስና የሮክቪሉ መመዝገቢያ ግን ያንተ አይደሉም። የኪራይ ጣሪያ የራሱ አለው፣ ካውንቲህን ጠይቅ። ሥራ ስትጀምር ኤምደብልዩ 507 ላይ «ሞንጎመሪ» ብለህ እንዳትጽፍ። 235 ዶላሯን ከፈልክ?

አዲስ ገቢ፦ ዛሬ ከፈልኩ። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አጎቴ ልጅ ቤት እገባለሁ፣ 20910።

የጆርጂያ ጎዳና፦ ሌሎቻችሁ መልሱለት። ደክሞኛል።

ሳራ 20910፦ ኤአር-11። በ10 ቀን።